ለትርንጎ የመረጥኩላት ጠጠር

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ እፊታቸው እየተንበረከክኩ ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ፣ ከቅዳሴ ቀረሁ እያልኩ ትንሽ ትንሹን ስነግራቸው ኖሬያለሁ። ትልቁን እዘለዋለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፣ እኔም ተሳልሜ እወጣለሁ። ምኑ ተፈታና! ለእናንተ ለምን እንደምናገር ታውቃላችሁ? ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ብትቆጡም አልሰማችሁም። ይኸው ገና ከመጀመሬ የሚቀለኝን መርጬ ነው የተነሳሁት፤ ከዚህ እወቁኝ።

ስሜ ፈንታነሽ ነው። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። በሁለት ዓመት የምበልጣት ትርንጎ የምትባል እህት አለችኝ፤ ሌላ እህትም ወንድምም የለኝም። የበደልኩት እሷን ነው። ሰው «መምህርት» እያለ ከመቀመጫው ሲነሳልኝ፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም፣ በእሷ ቦታ ላይ እንደቆምኩ አውቃለሁ። እሷ ደግሞ በእኔ ቦታ ላይ፣ ከጉና ሥር፣ ድንች ስትኮተኩት ሃያ ዓመት ሆናት። ቦታችንን ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ቤታችን የጉና ተዳፋት ላይ ነው። ከገብስና ከድንች በቀር ሌላው እህል እምብዛም የማይበረታበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት የሚያደነዝዝበት አገር ነው። አባታችን ልጆች ሳለን ሞተ። እናታችን ግን ሁለቱንም አስተምራለሁ ብላ ቆረጠች፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ደብረ ታቦር ከሰው ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል አስያዘችን። እሑድ ከሰዓት ስንቃችንን ተሸክመን በእግር እንወርዳለን፣ ዓርብ ተመልሰን እንወጣለን። እኔ ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ አንድ ክፍል ነበርን። ትርንጎ አንደኛ ትወጣለች። እኔስ? አሥራ አራተኛ፣ ሲቀናኝ አሥራ አንደኛ። ሒሳብ የምታስረዳኝ እሷ ነበረች። «እታለም፣ ምን ያስፈራሻል? ቁጥር እኮ አይናከስም» ትለኛለች። ታላቋ ስለሆንኩ እታለም ነው የምትለኝ። ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲፈራ ይችኑ ቃል እላለሁ፣ ተማሪዎቹም ይስቃሉ። የማን ቃል እንደሆነ አያውቁም።

ዘጠነኛን ጨርሰን አሥረኛ ልንገባ ስንል፣ በዚያ ክረምት፣ እናታችን ወደቀች። ማለዳ ላም ልታልብ ወጥታ እደጃፉ ላይ ተዘርራ አገኘናት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኗ ግን አልታዘዝ አለ፣ አፏም ጠመም አለ። የሚያጎርሳት፣ የሚያገላብጣት፣ ላሞቹን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የእናታችን ወንድም አያ ታደሰ መጡና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን አፈረጡት። ከሁለታችን አንዳችን ትምህርቱን ትተን እንቀራለን፣ ሌላዋ ትወርዳለች። የትኛዋ?

መጀመሪያ እናቴን ጠየቋት። በዚያ በተሳሰረ አንደበቷ «እኔን አታስመርጡኝ። ከሁለት ዓይኔ የቱን ላውጣ?» አለች።

አያ ታደሰ ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲያማ ታላቂቱ ትቅር። ጉልበቱም አላት። ትንሿን ጭንቅላት አላት ሲሉ እሰማለሁ» አሉ።

ክው አልኩ። እስቲ ፍረዱ፣ ምን ክፉ ነገር ተናገሩ? እውነቱን ነው የተናገሩት። ማንም ሰው ቢጠየቅ ይህንኑ ይላል። እኔም ብጠየቅ ይህንኑ እል ነበር፣ ሰው ብሆን። ግን ያን ጊዜ የታየኝ የድንቹ ማሳ ነው፤ ያ ዳገት ነው፤ ዕድሜ ልኬን እሱን ስወጣና ስወርድ ነው። በዚያ ላይ ቅናትም አለ፣ ለምን እደብቃችኋለሁ? ሁልጊዜ የምትመረጠው እሷ ናት። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ነይ የሚላት እሷን፣ ጎረቤት ደብዳቤ ሲያስነብብ የሚጠራት እሷን፣ እንግዳ ሲመጣ «ይቺ ናት ጎበዟ?» የምትባለው እሷ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ልመረጥ አልኩ በሆዴ። አፌ ቀደመኝና «ዕጣ ይጣል» አልኩ።

እናቴ እፎይ ስትል አየኋት። «ልጄ እውነቷን ነው፣ እግዜር ይምረጥ» አለች። አያ ታደሰም ቶሎ ተቀበሉት፤ የእህታቸውን ልጅ ዓይን እያዩ ከመፍረድ ያድናቸዋላ። ሁሉም ተገላገለ። እኔንም «እንዴት ያለች አስተዋይ ናት!» አሉኝ።

እኛ አገር ያኔ ዕጣ በወረቀት አይጻፍም፣ ማንበብ የማይችለው ይበዛል። መሬትም ይሁን የቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ባለጉዳይ ከመሬት አንድ ነገር ያነሳል፤ ስንጥር ይሁን፣ ቅጠል ይሁን፣ የእህል ፍሬ ይሁን፣ ብቻ ከሌላው የሚለይ። ዳኛ የሆነው ሰው የማን ምን እንደሆነ አይቶ ይይዛል። ከዚያ ምንም የማያውቅ ሰው ከውጭ ይጠራና አንዱን ያነሳል። ያነሳው አነሳ ነው፣ ይግባኝ የለውም። የእግዜር እጅ ነው ይባላል። በዕጣ ያጭበረበረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምን ብሎ ያጭበረብራል? የሚያነሳው እኮ ሌላ ሰው ነው!

እኔ ግን መንገዱን አገኘሁት።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ ዓይናቸው የጠፋ መነኩሲት ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው አያይም እንጂ ጣታቸው ያያል። የመንደሩ ሴት ሁሉ ምስሩን፣ አተሩን፣ ባቄላውን ለለቀማ ለእሳቸው ትልካለች። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ጠጠሩን እያነሱ ወደ ደጅ ይወረውራሉ። አንዲት አታመልጣቸውም። የእኛን እህል የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ሰፌዱ ላይ ጥቂት ባቄላና አንዲት ባቄላ የምታህል ጠጠር አድርጌ ሰጠኋቸው። ባቄላውን ነካ ነካ አድርገው አለፉት፤ ጠጠሯን ብድግ አድርገው ወረወሯት። «አንቺ ቀልደኛ!» ብለው ሳቁብኝ። ደግሜ ሞከርኳቸው፣ ደግመው ጠጠሯን አነሱ። ጣታቸው ሳያስቡት ነው የሚሄደው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትርንጎ ያን ጊዜ ደብተሯ ላይ ናት፣ ከየት ታውቀዋለች?

«የሚያነሱት እማሆይ ይሁኑ» አልኩ። «ዓይናቸው አያይም፣ አያዳሉም።»

«ተባረኪ! ከእሳቸው ወዲያ ማን አለ!» አሉ አያ ታደሰ።

«ዕጣዋ የተነሳው ትቀራለች ማለት ነው፣ አይደል?» ብዬ ጠየቅኩ። ድምፄን አለስልሼ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ ነው የጠየቅኩት። «አዎ፣ ዕጣዋ የተነሳው ከእናቷ ጋር ትቀራለች» አሉ። ልብ በሉ፣ ይህንንም ያስባልኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ አንዳንድ ነገር አንስታችሁ ኑ ብለው ወደ ጓሮ ላኩን። ትርንጎ ከማለዳ ጀምራ ስታለቅስ ዓይኗ አብጧል፤ የምታለቅሰው ለእናቷ ነው እንጂ ለራሷ አልነበረም። «እታለም፣ አንቺ ምረጪልኝ» አለችኝ። «እኔ ዛሬ ምንም አይታየኝም።»

ምረጪልኝ አለችኝ። ሰማችሁ? እዚህ ላይ መተው እችል ነበር። ሁለት ስንጥር ማንሳት እችል ነበር፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። ሁለት ባቄላ አንስቼ አንዱን በጥርሴ ነክሼ ምልክት ማድረግ እችል ነበር። እሷ ግማሽ ዕድል ይኖራት ነበር፣ እኔም ግማሽ። እኔ ግን ጎንበስ አልኩና ከጎተራው ሥር የወደቀች ባቄላ አነሳሁ፤ ይቺ የኔ። ከዚያ ጠጠር ፍለጋ ጀመርኩ። አንዷን አነሳሁ፣ ትልቅ ናት፣ ጣልኳት። ሌላ አነሳሁ፣ ሾል ያለች ናት፣ ጣልኳት። ሦስተኛዋ ልክ ባቄላዋን ታህላለች። አፈሯን በቀሚሴ ጠርጌ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እህቴ አመሰገነችኝ!

ልጅነት ነው፣ ድንጋጤ ነው እንዳትሉልኝ። የደነገጠ ሰው ጠጠር አያማርጥም።

እማሆይን እጃቸውን ይዤ ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። «ለምን ፈለጋችሁኝ?» አሉኝ በመንገድ። «ዕጣ እንዲያነሱልን ነው፣ እማሆይ» አልኳቸው። አማተቡ። «ይህ ኃጢአተኛ እጄ ለዚህ ተመረጠ?» አሉ። ማን እንደመረጠው አላወቁም። ቤት ገብተው ሲቀመጡ «መሬት እንዳይወድቅ» ብዬ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። አያ ታደሰ ሁለቱን ነገሮች ጣሉበት፤ ባቄላዋ የኔ፣ ጠጠሯ የትርንጎ።

ጣታቸው ሰፌዱን ዞረ። ባቄላዋን ነካ። አለፋት። ጠጠሯ ጋ ሲደርሱ ብድግ አደረጓትና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በበሩ ወደ ደጅ ወረወሯት!

«ኧረ እማሆይ፣ ዕጣው እኮ ነው!» ብለው አያ ታደሰ ጮኹ።

«ውይ፣ ልማድ!» አሉ እማሆይ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው።

ሁሉም ሳቀ። እናቴ ሳትቀር በዚያ በጠመመ አፏ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። ነገሩ እኮ ፊታቸው ላይ ወድቆ ነበር! አንድ ሰው ቆም ብሎ «እንዴ፣ ልማድ ከሆነማ ይህ ምኑን ዕጣ ሆነ?» ቢል ኖሮ ያልቅልኝ ነበር። ማንም አላለም። ደግሞስ የገዛ እህቷን በዚህ ታታልላለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ትርንጎ አልሳቀችም። «እሺ» አለች ብቻ። ከዚያ ወደኔ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። «አይዞሽ እታለም፣ እኔ ልሙት አትዘኚ። አንቺ ተማሪልኝ» አለችኝ። የምታጽናናኝ እሷ ነበረች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተጽናናሁ።

ትምህርት ሲከፈት ስንቄን የቋጠረችልኝ ትርንጎ ናት። የዘጠነኛ ክፍል ደብተሮቿንም ሰጠችኝ፣ በንጹሕ ጽሕፈት የተጻፉ፣ ጠርዛቸው ያልታጠፈ። «ሲጠፋሽ እዚህ ላይ ፈልጊው» አለችኝ። እስከ ወንዙ ሸኝታኝ ተመለሰች። እኔ ዞሬ አላየኋትም፤ ብዞር ምን አያለሁ? እንግዲህ በእሷ ደብተር አጥንቼ፣ በእሷ ዘዴ ቀምሬ፣ ፈተናውን አልፌ አስተማሪ የሆንኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ «ለካ ታላቂቱም ጎበዝ ኖራለች» አለ።

በሁለተኛው ዓመት ለገና ስመጣ እማሆይን ልጠይቃቸው ብዬ ገባሁ። ወይ አለመግባት ነበር! እጄን ያዙና «ልጄ፣ አንድ ነገር ይከነክነኛል» አሉኝ። «ያን ቀን ያነሳሁት ዕጣ ነው ወይስ ለቀማ?» የሚያይ ሰው ሁሉ ያላየውን እሳቸው አይተውታል። እውነቱን ብናገር ትርንጎ ገና ጊዜ ነበራት፤ ቦታውን መልሼ፣ እኔ ቀርቼ፣ እሷ ልትወርድ ትችል ነበር። «ዕጣ ነው እንጂ እማሆይ፣ ምን ሆነዋል!» አልኩ። «እሱስ ይሁን» ብለው እጄን ለቀቁኝ። በዚያው ዓመት አረፉ። ስለዚህ በደሌ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን ብትምሩኝ እንኳ ሁለተኛውን ምን ታደርጉታላችሁ?

ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነበር፣ ያለዚያም ሊደርሳት ይችል ነበር ብሎ የሚከራከርልኝ ይኖር ይሆናል። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ተከራክሬያለሁ! ግን ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ዕድል አይባልም። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼም ይገለብጡታል።

እናታችን ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። አሥራ አንድ ዓመት! ትርንጎ አጎረሰቻት፣ አጠበቻት፣ ፀሐይ ሲወጣ አዝላ ደጅ አወጣቻት። ባል ያገባችው እንኳ እናታችንን የማይጠየፍ፣ እዚያው ቤት ገብቶ የሚኖር ሰው ጠብቃ ነው። እኔ በበዓል በበዓል ሻሽና ሳሙና ይዤ እመጣለሁ። እንግዳ አድርጋ ታስተናግደኛለች፣ ያለቻትን አንዲት ባና ታለብሰኛለች። እናቴ ስትሞት እጇ በትርንጎ እጅ ውስጥ ነበር። «እግዜር ለእኔ መርጦሽ ነው» አለቻት። ትርንጎ ይህን ቃል ይዛው ቀረች። ውርጭ ድንቿን ሲመታባት፣ ላም ሲሞትባት፣ «ዕጣዬ ነው፣ እሱ ያውቃል» ትላለች። አትማረርም። ቆይ፣ ማነው እሱ? እሱ እኮ እኔ ነኝ!

ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። መምረጥ የሚባል ነገር እጄ ላይ ሲመጣ እሸሻለሁ። ገበያ ሄጄ ቲማቲም አማርጬ አላውቅም፤ «የፈለግሽውን አድርጊልኝ» እላለሁ፣ የፈረጠውን ተሸክሜ እገባለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪ መርጬ አልጠይቅም፣ በስም ዝርዝር ተራ ነው የምጠራው፤ «መምህርት በተራ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። የሰፈራችን እድር ባለፈው ዓመት በአንድ ድምፅ ዳኛ አድርጎ መረጠኝ። «እኔ አልሆንም፣ ሌላ ሰው ምረጡ» ብላቸው «አያችሁ ትሕትናዋን!» ብለው የባሰ አከበሩኝ። ወይ መከራ! ብዙ ጊዜ ልነግራት ጉና ወጥቻለሁ። ዳገቱን ስወጣ ቃሉ አፌ ላይ ነው፤ ጉንጬን ስትስመኝ ይጠፋል። በሰላም ትኑርበት፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ እመለሳለሁ። ለእሷ ብዬ ነው እላለሁ። ለእሷ! እንግዲህ አሁንም ለእሷ እየመረጥኩላት ነው ማለት ነው።

ትርንጎ ማስተዋልና ብርቱካን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። በዓመት ይበላለጣሉ፤ አብረው ስለጀመሩ አንድ ክፍል ናቸው። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ስምንተኛን ጨረሱ። ከዚህ በኋላ ለመማር ወደ ደብረ ታቦር መውረድ አለባቸው። ባሏ ደግሞ ወገቡን ከታመመ ወዲህ እርፍ አይጨብጥም፣ ቤቱ የሰው እጅ ይፈልጋል።

በቡሄ ማግስት ትርንጎ ከነዝናቡ ቤቴ መጣች። ነጠላዋን ጨምቃ ዘረጋችና ሳትቀመጥ «እታለም፣ ሁለቱም እንሂድ ይሉኛል። አንዷ ከእኔ ጋር መቅረት አለባት» አለችኝ። «አባታቸው ማስተዋል ትሂድ ይላል። እኔ መምረጥ አቃተኝ። ዕጣ እጥላለሁ።»

መቀመጫ ሳብኩላት፣ ተቀመጠች።

«የምታነሺው አንቺ ነሽ። እሑድ ነይልኝ።»

«እኔ?»

«አዎ አንቺ። የትኛዋ ምን እንዳመጣች አታውቂም። ደግሞ እጅሽ ቅን ነው። ለእኔ እግዜር እንደመረጠልኝ ለእነሱም ይምረጥላቸው። እኔን ምን ጎደለብኝ?»

እጅሽ ቅን ነው አለችኝ! «ሁለቱንም እኔ ጋ አምጫቸው» አልኩ ተሽቀዳድሜ። «ባልም ልጅም የለኝ፣ ቦታ ሞልቷል።»

«ቤቱስ? ከብቱስ? አይሆንም። ዕጣ ጥሩ ነው እታለም፣ ማንም በማንም አያዝንም።»

እዚህ ላይ ነው ያልቻልኩት። ሁለቱ ልጆች ጓሮ ወጥተው አንዳንድ ነገር ለማንሳት ሲያጎነብሱ ታዩኝ። የኔ ክፋት በእህቴ ቤት እንደ ደግ ነገር ተቀምጦ ወደ ልጆቿ ሊወርድ ነው። ነገርኳት። ቁጭ ብዬ አልነገርኳትም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ፣ ፊቷን ሳላይ፣ ከእማሆይ ጣት ጀምሬ እስከ ሦስተኛዋ ጠጠር ድረስ ነገርኳት። እማሆይ የጠየቁኝንም፣ የመለስኩላቸውንም ነገርኳት።

ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለራሷ አልነበረም።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለች።

«አታውቅም።»

«እሰይ» አለችና ቀጠለች። «እኔ እኮ ምረጪልኝ ነው ያልኩሽ።»

«አዎ።»

«አመስግኜሻለሁ እኮ።»

«አዎ፣ ትርንጎ።»

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። «ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜርን አኩርፌው እንደነበር ታውቂያለሽ? ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እየደረስኩ እመለስ ነበር። ለምን እኔን? እለው ነበር። በኋላ አልቅሼ፣ ለምኜ ታረቅኩት። አንተ ካልክ ይሁን አልኩት። ለካ እሱ የለበትም! እሱ በሌለበት ነገር ነው ስጣላውና ስታረቀው የኖርኩት?»

እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። እግሯን ሰበሰበች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፋብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እርጥቡን ነጠላዋን መልሳ አጣፋችና ወጣች። «ዝናቡ ያባራልሽ፣ ባጃጅ ልጥራልሽ» እያልኩ እስከ አጥሩ በር ተከተልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ።

እሑድ ጉና አልወጣሁም፣ የጠራኝም የለም። ስልክ ደወልኩላት፣ አታነሳም። ጳጉሜን አልፎ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ከማስተዋልና ከብርቱካን የትኛዋ ቀረች እያልኩ ስባዝን ከረምኩ። ምን ነው ዝም ባልኩ ያልኩበትም ቀን ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ዝም ብል ቢያንስ አንዷ ትማር ነበር አልኩ፤ ተቆጥታ ሁለቱንም ብታስቀራቸውስ?

ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ሁለቱም ቆመዋል። ማስተዋልና ብርቱካን፣ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ተሸክመው። አንድም ነገር ሳልላቸው ማስተዋል እንደ መልእክተኛ ቀጥ ብላ ቆመችና «እማዬ ለአክስትሽ እንዲህ በያት ብላኛለች» አለች። «ዕጣ አልጣልኩም። የምቀረው እኔ ነኝ፣ ሁሉንም እኔው እችለዋለሁ። ይህንን ግን ራሴ ነኝ የመረጥኩት በያት አለችኝ።»

ልጅቷ የተናገረችው ነገር አልገባትም። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ።

አሁን ሁለቱም እኔ ጋ ናቸው። ብርቱካን ሒሳብ ላይ እናቷን ናት፤ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን ትነግረኛለች። ትርንጎ በገበያ ቀን ድንች ጭና ከተማ ትመጣለች። ልጆቹ ገበያ ድረስ ሄደው ያገኟታል። እኔ ቤት ግን አትገባም። በደጄ ነው የምታልፈው፣ ቆርቆሮ አጥሩን ተጠግታ ስታልፍ ከውስጥ ሆኜ አያታለሁ። ለልጆቿ የነገረቻቸው ነገር የለም። ይህንንም ለእኔ ትታልኛለች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፣ የእሷ ነው፤ እሷም አላለችኝም፣ በይኝ ብዬ የማስጨንቃትም በምን አፌ ነው? ልጅ ነበርኩ አልልም። ከሁለት አንዳችን መቅረታችን ግድ ነበር አልልም። ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ፣ አማርጬ ነው ያደረግኩት። እማሆይ ሲጠይቁኝም የዋሸሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው እሑድ ብርቱካን «አክስቴ፣ እማዬ ቤትሽ የማትገባው ለምንድነው?» አለችኝ። ማስተዋልም ደብተሯን አጥፋ ቀና አለች። ሁለቱም የእናታቸውን ዓይን ነው የወሰዱት። «ሥራ ይበዛባታል» አልኩ። አመኑኝ። ዛሬ ይህን ጽፌ ስጨርስ ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ይኸው ጽፌ ጨረስኩ። እዚያኛው ክፍል እየተጠያየቁ ሲያጠኑ ድምፃቸው ይሰማኛል። እስካሁን ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።